የአእምሮ ሕመምን በፊልም ሳስተምር

መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስህተት ቀላል አልነበረም። የሥነ አእምሮ አታችመንት፣ ማለትም በሆስፒታል የሚደረገውን የተግባር ትምህርት፣ የጀመሩ የሕክምና ተማሪዎችን ሰብስቤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ዋን ፍሉ ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ከዳር እስከ ዳር አሳየኋቸው። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሆነ ለውይይት ጊዜ አልተረፈንም። በሳምንቱ ዋርድ ውስጥ ምግብም ውሃም እምቢ ላለች የከባድ ድባቴ ታካሚ ኢሲቲ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሕክምና፣ ሲታሰብ አንዱ ተማሪ «ዶክተር፣ ይሄማ ቅጣት ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እሱ ፊልሙ ላይ ያየው ሕክምናው ያለ ማደንዘዣ፣ አመፀኛን ለማንበርከክ ሲሰጥ ነው። ዛሬ በማደንዘዣና ጡንቻን በሚያላላ መድኃኒት መሰጠት እንዳለበት፣ እንደሷ ላለች ታካሚም ሕይወት እንደሚያድን ቀድሜ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አሥር ደቂቃ አሳይቼ አቆማለሁ። «ሕመሙ ምንድን ነው?» ብዬ አልጀምርም፤ «ምን አያችሁ?» እላለሁ። አለባበሱን፣ አነጋገሩን፣ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ይንገሩኝ። የሕመሙ ስም ቀድሞ ከተጠራ ተማሪው ሰውየውን ማየት ይተዋል።

ይህን ደንብ የምጥሰው ለአንድ ፊልም ብቻ ነው፤ ስለ ሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ ለተሠራው የ2001ዱ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ»። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ እስኪመጣ ያለውን ሳናቋርጥ እናያለን። የናሽ የዶርም ጓደኛ በእውን የሌለ ሰው እንደሆነ ተመልካቹ እስከዚያ አያውቅም። አንዲት ተማሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ እኮ አምኜው ነበር» አለች። ታካሚው ግትር ወይም ውሸታም አለመሆኑን በሌክቸር ስንት ጊዜ ተናግሬ እንዲህ አልገባቸውም። ይህችው ልጅ በኋላ ዋርድ ውስጥ አንዲት እናትን «እናቴ፣ ልጅዎ ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያወራ ነግሮዎት ያውቃል?» ስትል ሰማኋት። ሴትየዋ ልጃቸውን ከጸበል ጸበል ሲያንከራትቱ ከርመዋል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ተማሪዋ ጸበሉን ይተዉ አላለችም፤ መድኃኒቱም አብሮ እንዲወሰድ ለመነች።

የፊልሙን ጉድለትም እናያለን። እውነተኛው ናሽ ድምፅ ይሰማ ነበር እንጂ እንደ ፊልሙ ሰዎች እየታዩት አልኖረም፤ የእሱ ሕመም በሆነው በስኪዞፍሬኒያም፣ ሰው የሌለን ነገር እውን አድርጎ በሚሰማበት ወይም በሚያምንበት ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ በብዛት የሚያጋጥመው ድምፅ መስማት ነው። ፊልሙ ላይ በ1994 አዳዲስ መድኃኒት እወስዳለሁ ይላል፤ በእውኑ ግን ከ1970 በኋላ አልወሰደም። ይህን ስነግራቸው፣ መድኃኒት ያቋረጡ ብዙ ታካሚዎች እንደሚያገረሽባቸው ሳልጨምር አላልፍም።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ በመሃል ተነሥታ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች፤ ለካ ወንድሟ ታሟል። አሁን የሚታየውን ከአንድ ቀን በፊት እነግራቸዋለሁ፣ መውጣት የፈለገ ምክንያት አይጠየቅም፣ ከክፍሉም መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ከአገራችን ኮሜዲዎች ቁራጭ እንዲያመጡ አዘዝኳቸው። ቡቱቶ የለበሰ «እብድ» ድንጋይ ይዞ ሰው ሲያባርር ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አቆምኩትና «ምን አያችሁ?» አልኩ። ዝም አሉ። ቆይቶ ከኋላ አንዱ፣ «ባዶ እግሩን ነው። የቆሰለም ይመስላል» አለ።