ዳገት የሚጠላ ባቡር፣ ቁልቁለት የሚወድ መንገደኛ

ሮለር ኮስተር እወዳለሁ፤ ያን በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር የመዝናኛ ባቡር። ዱባይ በሠራሁባቸው ዓመታት ጓደኞቼ የእረፍት ቀናቸውን በእንቅልፍ ሲያካክሱ እኔ በጠዋት አውቶቡስ ይዤ አቡዳቢ፣ የመዝናኛ ፓርክ ያለበት ያስ ደሴት እገኝ ነበር። «ገንዘብህን ከፍለህ ልትጮህ?» ይሉኛል። አዎ፣ ከፍዬ ልጮህ። ድሬዳዋ የመጣሁት ግን ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ነው። ድሬ ውስጥ ሮለር ኮስተር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ከሰርጉ በፊት በነበሩት ቀናት ከዚያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የከተማዋም ነው።

ድሬን ድሬ ያደረጋት ዳገት ነዋ! ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፣ በ1897 ሥራው ተጀመረ፣ ሐዲዱም በረሃውን እያቋረጠ መጣ። ሐረር ያለችው ግን ተራራው ላይ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በመሀል ያለው የደንገጎ ተራራ ደግሞ ከሐረርም ከፍ ይላል። ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያን ሁሉ ጭነት በትንሽ ጉልበት የሚጎትተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዳገት ሲይዝ ጎማው ባለበት የሚሽከረከረውም በዚሁ ምክንያት። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆነና ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚራ የሚባለውን የድሬ ሰፈር በእግሩ የዞረ ሰው መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ የሚመስሉት ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ከባቡሩ ጋር የመጡ ሰዎች ናቸው የነደፏቸው።

ይህ ከሮለር ኮስተር ጋር ምን አገናኘው? ሮለር ኮስተር የባቡር ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ሞክ ቸንክ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1827 ከተራራ ላይ የድንጋይ ከሰል የሚያወርድ ሐዲድ ተዘረጋ። ሞተር የሚባል የለውም፤ ፉርጎዎቹ በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይንደረደራሉ፣ ባዶዎቹን መልሰው ሽቅብ የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ በቅሎዎቹ ሲመለሱ በእግራቸው አይወርዱም፤ የራሳቸው ፉርጎ ተሰጥቷቸው፣ ተሳፍረው ነበር የሚወርዱት። ሰው የቀናባቸው መሰለኝ። ከሰሉ ሌላ መንገድ ሲያገኝ ሐዲዱ ለመዝናኛ ዋለ፣ ሰዉም እየከፈለ ይንደረደርበት ጀመር። ከዚያ በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የተባለ ሰው ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ ለዚሁ ብሎ ሐዲድ ሠራ። ዋጋው 5 ሳንቲም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። የድሬ ባጃጅ ይበልጠዋል። ሰዉ ግን ተሰለፈ።

ፍጥነት ብቻውን የማያስደንቀኝ ለዚህ ነው። ያስ ደሴት ያለውን ፎርሙላ ሮሳ የሚባል ሮለር ኮስተር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ፣ አምስት ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚደርስ። አሸዋና ነፍሳት ዓይን እንዳይመቱ መነጽር ያስደርጓችኋል። መጀመሪያ የተሳፈርኩ ቀን ጉንጬ ወደ ጆሮዬ ሄዶ ተለጠፈ፣ ስወርድም እግሬ ከዳኝ። እየደጋገምኩት ስሄድ ግን ከአምስቱ ሰከንድ በኋላ የቀረኝ ነፋስ ብቻ ሆነ። ኒው ጀርሲ የነበረው ኪንግዳ ካ ደግሞ 139 ሜትር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነበር፤ በ2005 ተከፍቶ በ2025 በፈንጂ ፈረሰ። ኮኒ አይላንድ ያለው ሳይክሎን በበኩሉ ቁመቱ 26 ሜትር ብቻ የሆነ የእንጨት ሥራ ነው፤ ከ1927 ጀምሮ እስከ ዛሬ ሰው ያስጮሃል። ሪከርድ የሚያሳድዱ ጓደኞቼ ይህን ስል ይናደዱብኛል። ይናደዱ። ለእኔ ጥሩ ሮለር ኮስተር ቀጥሎ የሚመጣውን የማያሳይ፣ ሊወርድ ነው ስትለው የሚታጠፍ፣ አለቀ ስትል ከመቀመጫህ የሚያነሳህ ነው። ለዚህ ደግሞ ማማ ሳይሆን መልክዓ ምድር ነው የሚያስፈልገው።

እና ደንገጎ አለ።

ወደ ሐረር የሄድኩት ከሙሽራው ታናሽ ወንድም ጋር ነው፤ እሱ የሰርግ ልብስ ሊያመጣ፣ እኔ መንገዱን ላይ። ሚኒባሱ ውስጥ የመጨረሻውን ወንበር ስመርጥ ረዳቱ ገረመው። «ከፊት ቦታ አለ እኮ አቦ! እዚያ ትናጣለህ።» ልናጥ ነው የፈለግኩት። ሮለር ኮስተር ላይ የፊተኛው ረድፍ አናት ላይ ደርሶ ለአፍታ ይንጠለጠላል፤ የኋለኛውን ግን ቀድመው የወረዱት የፊተኞቹ ክብደት ጎትቶ ይወረውረዋል። ሚኒባስ ላይም የኋላው ወንበር ከጎማው ጀርባ ስለሚሆን እያንዳንዷን ጉድጓድ አብዝቶ ነው የሚሰጥህ። የሙሽራው ወንድም ከፊት ተቀመጠ።

ከድሬ ወጣ እንዳልን መጠማዘዙ ጀመረ። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ ማቃሰት ያዘ። ሮለር ኮስተር በሰንሰለት ሽቅብ ሲጎተት ከሥሩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጥርስ በጥርስ የሚይዘው ብረት ነው። ገና ምንም ሳይደረግ ግማሹ ፍርሃት የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ደንገጎ ላይ ያን ሥራ የሚሠራው የሞተሩ ማቃሰት ነው። ረዳቱ ሳይጠየቅ ፌስታል ማደል ጀመረ። ከፊቴ ያሉ እናት አንዱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው አለሰለሱት፣ ነፋ አድርገው ቀዳዳ እንደሌለው አዩ፣ ከዚያ ጠርዙን ወደ ውጪ ጠቅልለው አፉን ከፍተው አስቀመጡት። ይህን ሁሉ ካሰናዱ በኋላ ከቦርሳቸው ሎሚ አወጡና በጥፍራቸው ጫር እያደረጉ ያሸቱ ጀመር። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የትኛውም ፓርክ ውስጥ አላየሁም። መስኮቱን ገፋ አድርጌ ወደ ኋላ ሳይ ድሬ ከአቧራማ ጭጋግ በታች ተዘርግታለች፤ ሙቀቱም ኩርባ በኩርባ እየቀነሰ ነው።

ጉድለት አለው፣ አልደብቅም። ሮለር ኮስተር ሲታጠፍ ሐዲዱ ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ ስለዚህ ኃይሉ ከመቀመጫው ጋር ያጣብቅሃል፣ ወደ ጎን አይጥልህም። ደንገጎ እንደዚያ አያስብልህም። በአንዱ ኩርባ እኔ አጠገቤ ያለው ወጣት ላይ ወደቅኩ፣ በሚቀጥለው እሱ እኔ ላይ። ትንሽ እንደሄድን ይቅርታ መጠያየቁን ተውነው።

ቀልዱ ግን ልክ አለው። ሮለር ኮስተር የሚሸጥልህ የውሸት አደጋ ነው። ጎማዎቹ ሐዲዱን ከላይ፣ ከጎንና ከሥር አቅፈው ይይዙታል፤ የሥሩን ጎማ እ.ኤ.አ. በ1919 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ጆን ሚለር የተባለ አሜሪካዊ ነው፣ ሐዲዱ እንደ ልቡ ከፍ ዝቅ ማለት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። መስመሩም በክልል በክልል ይከፈላል፤ ከፊት ያለው ክልሉን ሳይለቅ የኋላው አይገባም። ይህም ከባቡር የተወረሰ ነው። መብራት ቢጠፋ እንኳ ፍሬኑ ራሱ ይዘጋል፤ ኃይል የሚያስፈልገው ለመክፈቱ ነውና። ደንገጎ ላይ የዚህ ሁሉ ምትክ ጡሩምባ ነው። አንድ የጫት አይሱዙ ኩርባውን ሞልቶ ከፊታችን ብቅ ሲል የመጣብኝ ፍርሃት ከፍዬ የምፈልገው ዓይነት አልነበረም። አልጮህኩም። ባለ ሎሚዋ እናት «በስመ አብ» አሉ፣ አጠገባቸው ያሉት «ቢስሚላሂ» አሉ፣ ሾፌሩ ራዲዮውን ቀነስ አደረገና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ አለማያ፣ አወዳይ። የፓርክ ሰው የሚጽፈው ነገር የለም።

ሐረር ላይ ግን አለ። ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት ዙሪያው በአፈር ቁልል ተከቦ ነበር፤ ውስጥ የገባ ሰው የውጪውን መኪናና ሕንፃ እንዳያይ። ስለ ፓርክ አሠራር የሚያወሩ ሰዎች ያን የአፈር ቁልል አንስተው አይጠግቡም። የሐረር ግንብ፣ ጁገል፣ ከዚያ በፊት አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆሞ ነበር። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ለጎብኚ ሳይሆን ለመከላከያ የታሰበ ቢሆንም፣ በሸዋ በር ገብተህ ትንሽ እንደተራመድክ የውጪው ከተማ ይጠፋብሃል። መተላለፊያው ይጠብባል፣ ይታጠፋል፣ የኖራው ቀለም ከነጭ ወደ አረንጓዴ ከዚያ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ከፊትህ ያለውን አታይም፤ ከዚያ ድንገት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይተፋሃል፣ ጫጫታ፣ ፀሐይ፣ አሮጌ ፔጆ ታክሲ። ይህን ቅደም ተከተል አስቦ የሚሠራ ሰው ስንት እንደሚከፈለው አውቃለሁ። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ግራ ቀኝ ሲንጫጫ የሙሽራው ወንድም ዋጋ ይከራከራል፣ እኔ ኩርባ እቆጥራለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ለምን እንደ ፓርክ አይያዝም? መግቢያ ቢከፈልበት፣ ቢሸላለም» ይላሉ። አልስማማም። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ያለበት መንገድ ነው። ኩርባው ጥሩ የሆነው ለእኔ ተብሎ ስላልተሠራ ነው።

ማታ ጅብ የሚመገብበት ቦታ ሄድን። የሚያበላው ሰው ሥጋውን እንጨት ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ ሌላውን ጫፍ በጥርሴ እንድይዝ ሰጠኝ። ቀበቶ የለም፣ ፍሬን የለም። ጅቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው አንገቱ ነው፤ ወፍራም፣ ከትከሻው የማይለይ። ሥጋውን ሲነጥቅ እንጨቱ ጥርሴ ላይ ነዘረ፣ ትንፋሹም ፊቴ ላይ ቀረ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከፎርሙላ ሮሳ አስበልጠዋለሁ፣ ያለ ማጋነን።

በማግስቱ ወረድን። ሾፌሩ ጠና ያለ ሰው ነበር፤ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ገና ከአናቱ ማርሹን ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ያዘው፣ ፍሬኑን የነካው አልፎ አልፎ ነው። ከኛ ቀድሞ የወረደው የጭነት መኪና ግን የፍሬን ሸራው ሽታ ተራራውን ሞልቶት ነበር። ጆሮዬ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፤ የድሬ ወበቅ በመስኮት ገባ። ለደንገጎ ከአስር ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ለአይሱዙው ነው።

ሰርጉ ደመቀ፣ አክስቴ አለቀሱ፣ በላን ጨፈርን። በማግስቱ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ላይ ብዬ ለገሃር ወረድኩ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማ ውጪ ነው፤ እዚህ ያለው አንድ ሜትር ስፋት ያለው የጥንቱ ሐዲድ ነው። ጥላ ሥር አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ተቀምጠው አገኘሁ፤ ዕድሜያቸውን በወርክሾፑ ቶርኖ ላይ ጎማ ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው። ሐሳቤን ነገርኳቸው፦ ድሬ ሮለር ኮስተር ቢሠራላት ሰማይ ጠቀስ ማማ አያስፈልጋትም፤ ተራራው ግርጌ ላይ መሬቱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ከ30 ሜትር የማይበልጥ ይበቃታል። አገራችን ውስጥ የመጫወቻ ዕቃ ይገዛል፣ ይተከላል፣ አንድ ብሎን ሲሰበር ይቆማል፤ ወይም የባሰው፣ ሳይቆም ይቀጥላል። አዲስ አበባ አንድ ቦታ የመቀመጫው ማሰሪያ በሽቦ ታስሮ አይቼ ትኬቴን ጥዬ ወጥቻለሁ። ድሬ ግን ሐዲድና ጎማ የሚያውቅ እጅ አላት።

የሳይክሎንን ቪዲዮ በስልኬ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አስጠጉት።

«ጎማው ምንድነው ልጄ?»

«አዲሶቹ ላይ ፕላስቲክ መሳይ ነገር ይለብሳል፣ ድምፅ እንዲቀንስ። የቆዩት የእንጨቶቹ ላይ ግን ብረት በብረት ነው አባባ።»

«እሱ ነው ባቡር። ነጂው የት አለ?»

«ነጂ የለውም። ፍሬኑም ሐዲዱ ላይ ነው እንጂ ባቡሩ ላይ አይደለም።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ፣ «ስንት ሰው ይጭናል?»

«24።»

«ለ24 ሰው ነው ይሄ ሁሉ ሐዲድ! ሊቶሪና፣ ያቺ ትንሿ ባቡር እንኳ ከዚያ ይበልጥ ትጭን ነበር አቦ!» ስልኩን ሊመልሱልኝ ዘረጉና እንደገና ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ቆይ እስቲ፣ መልሰህ አጫውተው። ኩርባው ላይ ምን ያህል እንዳጋደሉት ልይ።»