የአክስቴ አረቄ አዲስ አበባ ገባ

ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ ውስጥ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ባርማን ነው። 26 ዓመቱ ቢሆንም ቤት ውስጥ ዛሬም ማሙሽ ነው የምንለው። እሱም እኔን እታለም ይለኛል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከዓርብ እስከ እሁድ ዕረፍት አገኘና፣ "እታለም፣ አዲስ አበባ ሄጄ የኮክቴል ቤቶቹን ማየት አለብኝ። እስከ መቼ ከስልክ ላይ እማራለሁ?" አለኝ። ሁዳዴ ሳይገባ መሄድ ነበረብን። መኪናውም መንጃ ፈቃዱም የእኔ ስለሆነ ተያይዘን ወጣን።

መጀመሪያ የቆምነው አርሲ ነገሌ፣ አክስታችን ቤት ነው። እሷን እቴቴ ነው የምንላት። ነገሌን የሚያውቅ ሰው አረቄዋን ያውቃል። እቴቴ ልጆቿን አሳድጋ ያስተማረችው አረቄ አውጥታ ነው። ጓዳዋ ስንገባ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ድፍድፉ ያለበት እንስራ እሳት ላይ ተጥዷል፤ እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ማሙሽ ልጅ ሆኖ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጠብታውን ይቆጥር ነበር።

እቴቴ ትንሽ አረቄ ሰሃን ላይ አፈሰሰችና ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ ነበልባል ሰሃኑ ላይ ተንሳፈፈ፤ በቀን ብርሃን በጭንቅ ነው የሚታየው። "አየህ? ውሃ የለበትም" አለችው። ከዚያ አንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልታ፣ ክዳኑን በፌስታል አስራ ሰጠችን። "ለሚያከብረው ሰው ስጡት። ለሰካራም እንዳትሰጡብኝ" አለች።

ከነገሌ በኋላ ማሙሽ ተኛ፣ እኔ ነዳሁ። ስለ ፍጥነት መንገዱ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ግን ከሞጆ ቱሉ ዲምቱ ለመድረስ ከፈጀብን ጊዜ ይልቅ ከቃሊቲ ስታዲየም ለመድረስ የፈጀብን በለጠ። ሐዋሳ ውስጥ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በባጃጅ ለመሄድ የሚበቃ ሰዓት፣ እዚህ አንድ አደባባይ ላይ ያልቃል። ማሙሽ ነቅቶ "ደረስን?" ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም።

ከስታዲየም ጀርባ አንድ ፔንሲዮን ይዘን ነበር፤ ለአንድ አዳር 1,800 ብር። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሜ ቁልፉን ሻንጣዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። እስከ እሁድ ጠዋት አይነካም። መጠጥ ባለበት ምሽት መሪ አይያዝም፤ ይሄ በእኛ ቤት ክርክር የለውም። ከዚያ በኋላ የሄድንበት ሁሉ በእግርና በራይድ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት መስቀል አደባባይ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ባር ገባን። እይታውን መካድ አይቻልም። አደባባዩ ከታች እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ይታያል፤ ደረጃዎቹ በመብራት ተሰምረዋል፣ ሰዎቹ እንደ ጥቁር ሰሊጥ ተበትነዋል። ነፋሱ ግን ብርድ ነው። እኛ ከሐይቅ ዳር የመጣን ሰዎች የአዲስ አበባን የጥር ምሽት ሁልጊዜ እንረሳዋለን። አስተናጋጁ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "ለባለቤትዎ ምን ላምጣ?" ሲል ማሙሽ እስከ ጆሮው ቀላ።

ኔግሮኒ አዘዘ። ኔግሮኒ ቀላል መጠጥ ነው ይላል፤ ጂን፣ ካምፓሪ የሚባለው ቀይ መራራ መጠጥና ጣፋጭ ቬርሙት (ቅመም የገባበት ወይን) እኩል እኩል። ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ መደበቂያ የለውም። ባርማኑ በዓይኑ ግምት ቀዳና ጥቃቅን በረዶ ሞላበት። ማሙሽ ክርኔን ነካ አደረገኝ። "አልለካም፣ እታለም። በረዶውም ትንንሽ ነው፤ አሁን ይቀልጥና ውሃ ይሆናል።" እውነቱን ነው፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ ውሃ ሆነ። የእኔ ሞሂቶ ደግሞ ስኳሩ ሳይሟሟ ከታች ተቀምጦ፣ የናናው ቅጠል በስትሮው እየወጣ አፌ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ዙር ይሻላል ብለን ደገምን። አልተሻለም።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ። ሜኑው ላይ አንዱ ኮክቴል 850 ብር ነው የሚለው። አራት ጠጣን፤ 3,400 መሆን አለበት። ቢሉ 4,301 ብር ይላል። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቁጥር አይደናገረኝም። 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨምሮ 3,740፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። ሜኑው ግርጌ ላይ በአጉሊ መነጽር በሚነበብ ፊደል ተጽፏል። ያናደደኝም ይሄው ነው። እኔ በማውቃቸው የሐዋሳ ቤቶች ዓሣው 400 ከተባለ 400 ነው። ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ሳያውቅ ማዘዝ የለበትም። ከፈልኩ፤ ግን እስከ መኝታ ሰዓት አልወጣልኝም።

መኝታውም መኝታ አልነበረም። ከመስኮታችን ማዶ መንገድ እየተቆፈረ ነበር። ኤክስካቫተሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ጀምሮ ድንጋይ ሲፈነቅል አደረ። አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫረራል። ማሙሽ ተነስቶ የእቴቴን ሃይላንድ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወለሉ ላይ፣ በፎጣ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ሙቅ ውሃው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያልቃል ተብሎ ስለነበር እንቅልፍ ያጣሁ እኔ ቀድሜ ታጠብኩ። ከዚያ አዳር ያገኘሁት ጥቅም ይሄ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ወጣን። ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ ጠጣን፤ ያ የተቆላ ቡና ሽታ የሌሊቱን ቁጣዬን ግማሽ ወሰደልኝ። የዓድዋ ድል መታሰቢያን አልፈን ዙሪያውን ስናይ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የለም። አባታችን ተማሪ ሳለ ጥብስ የሚበላባቸውን ቤቶች ስም እየጠራ ይነግረን ነበር፤ አንዱንም ለማሙሽ ላሳየው አልቻልኩም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹህ ነው፣ አበባ ተተክሎበታል። እኔ ደግሞ ጣቴን ወደ ባዶ አየር እየቀሰርኩ "እዚህ ጋ ይመስለኛል" እላለሁ።

ጣይቱ ሆቴል ግን አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ እቴጌ ጣይቱ ያቆሙት የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። በጥር 2007 እሳት ሲነሳበት፣ ሙዚቃ የሚሰማበት ጃዛምባ ተቃጠለ። የጣውላው ወለል ሲረገጥ ይንቋቋል፤ እኔ ይሄን ድምፅ እወደዋለሁ፣ የአያቶቼን ቤት ያስታውሰኛል። ኮክቴል ፍለጋ አልነበረም የገባነው። ማሙሽ ጂን በአምቦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት አዘዘ። "ይሄ እኮ ኮክቴል ነው" አለኝ። "ስም የሰጠው ሰው ስለሌለ ነው እንጂ።" አባታችን ለእንግዳ የሚያቀርበው መጠጥ ነው። አምቦው ብርጭቆው ውስጥ ሲንጣጣ እያየን ብዙ ተቀመጥን።

ማሙሽ ኪሱ ውስጥ ጂገር ይዞ ነው የሚዞረው። የብረት መለኪያ ናት፤ በአንድ በኩል 30፣ በሌላው 60 ሚሊ ሊትር። በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛት ናት። ከሰዓት በኋላ ፔንሲዮን ስንገባ ኪሱን ዳበሰ፣ የለችም። ራይዱ ውስጥ ወድቃለች። ፊቱ ተቀየረ። ደወልንለት፤ ሹፌሩ "ቆይ ልይ" ብሎ ከወንበር ሥር አገኛት። ከሳሪስ ነው የሚያወራን። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ይዟት መጣ። ለነዳጁ 500 ብር ሳወጣ እጄን መለሰው። "ተይው እህቴ፣ ወንድሜ አናጺ ነው። የሙያ ዕቃ ሲጠፋ ቤት እንዴት እንደሚውል አውቃለሁ" አለ። ያን ሰው ከዚህ ጉዞ አልረሳውም።

ምሽቱን ሁለት ቤት ገብተን ወጣን። በአንዱ ሙዚቃው አላነጋገረንም፣ በሌላው ቦታ አልነበረም። ሦስተኛው ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥተው የሚገቡበት ነው። ስሙን የማልጽፈው ባርማኑ ለእኛ ሲል የቤቱን ደንብ ስለጣሰ ነው። ባንኮኒው ላይ ሰባት ወንበር ብቻ አለ። መጀመሪያ ማሙሽን ያስደሰተው በረዶው ነው። ባርማኑ ከሳጥን ውስጥ እንደ ጡብ ትልቅ የሆነ፣ ውስጡ መስታወት የመሰለ በረዶ አወጣ። ባለ ጥርስ ቢላ አስቀምጦ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ሲያደርገው ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ። ቤቱ በምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው የሚያረጋው፤ ቅዝቃዜው ከላይ ብቻ ሲገባ አየሩ ወደ ታች ይገፋና የላዩ ጥርት ይላል። ጂንም፣ ሎሚም፣ ሽሮፕም ለካ። ማሙሽ ጂገሯን ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ባርማኑ አያትና ሳቀ። "ወንድሜ፣ የት ነው የምትሠራው?" አለው። ከዚያ በኋላ እኔ እዚያ እንዳለሁ ረሱ።

5 ሰዓት ገደማ ሰው ሲቀንስ ማሙሽ ፌስታሉን ከቦርሳው አወጣ። ባርማኑ መጀመሪያ "የውጭ መጠጥ አይቻልም" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ግን ሽታው ደረሰው። መዳፉ ላይ አንድ ጠብታ አደረገ፣ አሸት አሸት አድርጎ አፍንጫው ላይ ያዘው። "የነገሌ ነው?" አለ።

ማር በሙቅ ውሃ አቀጠነ። 45 ሚሊ ሊትር አረቄ፣ 20 ሎሚ፣ 20 ማር፣ የተቀጠቀጠ ዝንጅብል። ሼከሩ በውርጭ ነጭ እስኪሆን በሁለት እጁ ናጠው። አንድ ጥርት ያለ በረዶ ላይ አጥልሎ፣ ላዩ ላይ በናና ፈንታ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ጣለ። ቀድማ ሎሚዋ ትመጣለች። ከዚያ ማሩ። ዋጥ ካደረጉት በኋላ፣ ጉሮሮ ላይ፣ የእቴቴ ጓዳ ጭስ ይመጣል። እኔ አረቄ ጠጪ አይደለሁም። ግን እዚያ ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ አዲስ አበባ መሀል፣ የአክስቴን ቤት ቀመስኩት። ማሙሽ ብርጭቆውን ይዞ ብዙ ጊዜ አልተናገረም።

"ለምን ሜኑ ላይ አይኖርም?" አልኩት ባርማኑን። መደርደሪያው ላይ ያለውን የሜክሲኮ ሜዝካል አሳየኝ። "ይሄም የገጠር ሰው መጠጥ ነው። ግን ጠርሙስ አለው፣ ሌብል አለው። የእናንተ ሃይላንድ ውስጥ ነው ያለው" አለኝ። ልክ ነው፣ ግን አንገበገበኝ። ነገሌ ውስጥ ስንት ሴት ነው በዚያ ጭስ ዓይኗን የምታጣው፣ ስንት ልጅ ነው በዚያ ጠብታ የተማረው። መጠጡ እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ከማንም አያንስም። ጣዕሙን በምላሴ አይቼዋለሁ።

ለሌሎቹ ሁለት መጠጦች 1,100 ብር ከፈልን። ሜኑው ላይ የተጻፈው ያው ነው። በአረቄው ላይ አላስከፈለንም። ማሙሽ ሊተውለት ፈልጎ ነበር፣ እሱ ግን ግማሹን ብቻ ቀድቶ ቀሪውን መለሰልን። "ለራስህ ተለማመድበት" አለው።

እሁድ ጠዋት ቁልፉን ከሻንጣ አወጣሁ። ወደ ነገሌ ስንደርስ 8 ሰዓት ነበር። ማሙሽ ከመኪናው ወርዶ ከጎረቤት ግሮሰሪ በረዶ ለመነ፣ ከእቴቴ ጓዳ ማርና ሎሚ ወሰደ። ሼከር ስላልነበረው ክዳን ባለው የሻይ ቴርሞስ ናጠው። እኔ ስለምነዳ አልነካሁም። እቴቴ መሬቱ ላይ ካለችው በርጩማ ሆና ጂገሯን አገላብጣ አየች። ከመደብ ሥር የራሷን የአረቄ መለኪያ አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። የእሷ ትበልጣለች።

ቀመሰች። ጠበቅናት። ደገመች። ምንም ሳትል ተነስታ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ክዳኑ በፌስታል የታሰረ ሌላ ሃይላንድ ይዛለች።

"ያንን ልጅ መቼ ነው የምታገኙት?" አለች። "ይሄን ስጡልኝ።"