ሁለት ሜትር ከሰማንያ

ከአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል፣ መሬቱ ጥቁር ነው። ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዋልካ ይሉታል፤ ኮትቻ የሚሉትም አሉ። ሲቆፈር ግድግዳው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሰው ያታልላል። አሸዋ ቢሆን ወዲያው እየተናደ ያስጠነቅቃል። ዋልካ ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ቆይቶ ባንድ ጊዜ ተገምሶ ይወርዳል።

የሚከተለው ገጠመኝ የቁፋሮ ሥራ ለሚመሩ ሰዎች በደኅንነት ሥልጠና ላይ የሚነገር ዓይነት ነው። ፎርማኑም ሠራተኞቹም የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ልኮቹ፣ የአፈሩ ጠባይና ስህተቶቹ ግን በየሳይቱ ያሉ ናቸው።

ፎርማኑ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው። ጠዋት «እንዴት አደሩ ጋሼ» ሲሉት አገጩን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ለቅሶ ሲኖር የሚደርስበትን ብር በሰዓት ተቆጣጣሪው እጅ ይልካል እንጂ ድንኳን ገብቶ አይቀመጥም። ሠራተኛን በስም አይጠራም፤ «አንተ ባለ አካፋው»፣ «አንተ ቱቦ ያዡ» ነው። በሌላ ሳይት አንድ ሠራተኛ ከስካፎልዲንግ ወድቆ በሞተ ዕለት፣ በቀን ሪፖርቱ ላይ «የሰው ኃይል» በሚለው ዓምድ 14 የሚለውን ሰርዞ 13 ጻፈና ለነገ ምትክ እንዲላክለት ጠየቀ። ክፉ አልነበረም። አይሳደብም፣ ከሰው ገንዘብ አይነካም፣ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ሰው ሞተ ሲባል ግን በውስጡ የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። ይህንንም ራሱ ያውቀዋል፤ የሙያ ጥንካሬ ይመስለው ነበር።

ሥራው የፍሳሽ መስመር ነው። የቦዩ ጥልቀት 2.8 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲሜትር። ከእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 2.5 ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል። እርጥብ ዋልካ በሜትር ኩብ ከ1.6 እስከ 2 ቶን ስለሚመዝን፣ በየሜትሩ ከ4 ቶን በላይ ሸክም ከጉድጓዱ ወጥቶ አንድ ቦታ ይቆለላል ማለት ነው። የቁፋሮ ማሽኑ ኦፕሬተር መንገዱ ስለጠበበው አፈሩን እዚያው ጠርዙ ላይ ከመረው። ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መራቅ ነበረበት፤ እንዲህ ባለ አፈርና እንዲህ ባለ ጥልቀት ደግሞ ከዚያም ብዙ ቢርቅ ይሻላል፤ ምክንያቱም ክምሩ ግድግዳውን ከላይ ይገፋዋል።

ከ1.5 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦይ ያለ መከላከያ ሰው አይገባበትም። መከላከያው ወይ ማዘንበል ነው፣ ወይ መደገፍ። ለደካማ አፈር የሚሰጠው ተዳፋት ለ1 ሜትር ጥልቀት 1.5 ሜትር ወደ ጎን ነው። በ2.8 ሜትር ሲሰላ በየጎኑ 4.2 ሜትር፣ ከወለሉ ጋር ተደምሮ የአፉ ስፋት 9.3 ሜትር ይሆናል። በሁለት የኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል ይህን ያህል ቦታ የለም። ስለዚህ የሚቀረው መደገፍ ነው፦ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በግድግዳው ላይ በቁመት፣ በላዩ ወፍራም አግዳሚ፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ደግሞ በሽብልቅ የተወጠረ የባሕር ዛፍ ግንድ። ቀጭን አጣና ለዚህ አይሆንም፤ መጠኑን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ሲተከል ከላይ ወደ ታች፣ ሲነቀል ከታች ወደ ላይ፣ ከአፈር ሙሌቱ ጋር እኩል እየተሄደ።

ፎርማኑ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ጣውላው ግን ለማንሆል ፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪት ለሚሞላበት ቅርጽ፣ ተወስዶ ነበር፤ የቀሩት ደግሞ ሦስት ቱቦዎች ብቻ። ጠዋት ከጠርዙ 1.6 ሜትር ርቆ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ አይቷል። በተቆፈረ ቦይ ላይ እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው የጥልቀቱን ግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ያህል ርቆ ነው፤ ለ2.8 ሜትር ከ1.4 እስከ 2.1 ሜትር። ማለትም በትክክል ሊናድ ያለውን ግድግዳ ልክ እያሳየው ነበር። የተሰነጠቀ አፈር በአውራ ጣት ሲጫኑት የቱንም ያህል ቢጠነክር እንደ ጠንካራ አይቆጠርም። ይህንንም ያውቃል። ዕውቀት አልጎደለውም፤ በዚያ ጠዋት ያ ዕውቀት ከማንም ሰው ጋር የተያያዘ አልነበረም።

የሁለተኛው ቱቦ ተዳፋት አልገጥም ሲል ውኃ ልክ ይዞ ራሱ ወረደ። ታች ቱቦውን የያዘ አንድ ልጅ አለ። ግድግዳው ሦስት ሜትር በሚሆን ርዝመት ተገምሶ ወረደ። ፎርማኑን እስከ ደረቱ፣ ጎንበስ ብሎ የነበረውን ልጅ እስከ አንገቱ ያዛቸው።

አፈር ሰው የሚገድለው አፍና አፍንጫ ሲደፍን ብቻ አይደለም። ጭንቅላቱ ውጭ የሆነም ይሞታል። አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ይሟሽሻል፣ አፈሩ በቀረው ክፍተት ይገባል፤ ቀጥሎ ሲስብ ደረቱ የሚነሣበት ቦታ ያጣል። ፎርማኑ በላዩ የተጫነውን ለማስላት ሞከረና ከአንድ ቶን እንደማያንስ ገመተ። ከዚያ ግን ከአጠገቡ የልጁን ትንፋሽ ሰማ፤ አጭር፣ የሚያፏጭ። የቀኝ እጁ ነጻ ነበር። መጀመሪያ የልጁን አፍ ጠረገ፤ ቀጥሎ በልጁ አንገት ሥር አፈሩን በጣቶቹ ፈልፍሎ መዳፉን ከደረቱ ፊት አስገባና እዚያው ተወው። የራሱን ደረት ሊያላቅቅበት የሚችለው እጅ ያ ብቻ ነበር።

«ስምህ ማን ነው?»

ልጁ ነገረው። አምስት ወር አብሮት ሠርቷል።

«ከየት ነህ?»

«ከወረኢሉ፣ ጋሼ።»

«እናት አለችህ?»

«አለች።»

«እንግዲያው አትጩህ። በአፍንጫህ፣ ትንሽ ትንሽ።»

«እርስዎስ?»

«አለሁ።»

ማናገሩ ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። የሚመልስ ሰው ይተነፍሳል፤ መልሱ እያጠረ ሲሄድ ጊዜው እያለቀ እንደሆነ ይታወቃል። ፎርማኑ ግን ከዚያ አልፎ ጠየቀ፦ ስንተኛ ልጅ እንደሆነ፣ ለማን ብር እንደሚልክ። እነዚህ በማንኛውም ሪፖርት ላይ ዓምድ የሌላቸው ነገሮች ናቸው። ሊሞት እንደሚችል ገብቶት ነበር፤ ያም ቢሆን ለዓመታት ሳያስፈልገው የኖረ አንድ ነገር በዚያች ሰዓት አስፈለገው፦ ይህ ልጅ እንዲወጣ መፈለግ። ሌላ ነገር አልፈለገም።

ላይ ያሉት ይጮኻሉ። ሁለቱ የልጁ ጓደኞች አካፋ ይዘው ሊዘሉ ጠርዙ ላይ ደርሰዋል፤ ኦፕሬተሩም በባኬቱ ሊያወጣቸው ሞተር አስነሥቷል። እዚህ ላይ የሰውዬው ቀዝቃዛነት ጠቀመ፤ ይህንን መካድ አይገባም። ለሰው የሚሳሳ ሰው ዘሎ ይገባል፣ ጠርዙ በክብደቱ ይናዳል፣ የተቀበረው ሦስትና አራት ይሆናል። በቁፋሮ አደጋ ከሚሞቱት መካከል ሊያድኑ የገቡ ሰዎች የሚገኙት በዚህ ነው።

ድምፁን ሳይጨምር አዘዘ። ሞተር ይጥፋ፤ ንዝረቱ የቀረውን ግድግዳ ያወርደዋል። ሁሉም ከጠርዙ ይራቅ፤ መኪና በዚያ መንገድ አይለፍ። አንድ ሰው ብቻ ስልክ ይደውል፦ 939 ለእሳትና አደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፤ ሌላው ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ይቀበላቸው። የማንሆሉ ጣውላ ይነቀልና በጠርዙ ላይ ይነጠፍ፤ ሰው የሚረግጠው በጣውላው ላይ ብቻ ነው። ማንም በገመድ እንዳይጎትታቸው፤ ግማሽ አካሉ የተያዘ ሰው ሲጎተት አከርካሪው ይጎዳል እንጂ አይወጣም።

የአደጋ ሠራተኞች መጡ። ግድግዳውን ከላይ ጀምረው ደገፉ፣ በተደገፈው መካከል ገብተው በትንሽ አካፋና በባልዲ ቆፈሩ፤ መጀመሪያ ደረት፣ ከዚያ ወገብ፣ መጨረሻ እግር። ልጁን ቀድመው አወጡት። ፎርማኑ ዘንድ ሲደርሱ የግራ ጭኑ በቱቦው ሥር ከአንድ ሰዓት በላይ ተጭኖ ቆይቶ ነበር። ይህ በሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር ነው፦ ለረጅም ጊዜ የተጨፈለቀ ጡንቻ ሲለቀቅ ፖታሲየምና ሌሎች ጎጂ ነገሮችን ወደ ደም ይለቃል፤ ልብን ሊያቆም፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ለጤና ባለሙያው የተቀበረበት ሰዓት በትክክል ሊነገረው ይገባል፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሸክሙ ከመነሣቱ በፊት ይጀመራል። ሰዓቱን የነገራቸው ራሱ ፎርማኑ ነው።

ተርፎ ሲመለስ ሌላ ሰው አልሆነም። አሁንም ለሰላምታ አገጩን ነው የሚያነቃንቀው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ላይ አደጋ ተመዝግቦ ለሚመለከተው አካል ይነገራል፤ ስንጥቁን አይቶ ማለፉን ሳይሸሽግ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋትና ከዝናብ በኋላ ማንም ሳይወርድ እሱ ጠርዙን ይዞራል። መሰላል ከሠራተኛው ከ7.5 ሜትር በላይ አይርቅም፣ ከጠርዙም በላይ 90 ሳንቲሜትር ይወጣል።

የከበደው ሥራውን ማስቆም ነበር። ስንጥቅ አይቶ «ውጡ» ሲል የሚቃወሙት የቀን ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሥራ ከቆመ የዕለቱ ሒሳብ ይቀራልና። ብዙ ሳይት ላይ ሰው አደገኛ ቦይ ውስጥ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ የደኅንነት ፖስተር ቢለጠፍ አይፈታውም። ፎርማኑ ከፕሮጀክት ኃላፊው ጋር ሁለት ሳምንት ተከራክሮ በቀን ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ አስጨመረ፦ «በአፈር ምክንያት የቆመ ሰዓት፣ የሚከፈል»። በመጀመሪያው ቀን የሞላው በስድስት ሰዎች ስም፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።