ደብተሩ ከመጽሐፉ ጋር ይዞራል

ሰፈራችን ውስጥ የመጽሐፍ ዕቁብ አለን። በየወሩ እናዋጣለን፣ ዕጣ እናወጣለን። ዕጣው የደረሰው ሰው ግን ብሩን ይዞ ቤቱ አይገባም፤ የወሩን መጽሐፍ ይመርጣል። በተዋጣው ብር የቻልነውን ያህል ቅጂ እንገዛለን። አንዳንዴ ከመደብር፣ ብዙውን ጊዜ ከአዟሪዎችና ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች። ከዚያ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አንድ ደብተር አለ። ያነበበ ሰው የተሰማውን ይጽፍበትና ለተረኛው ያስረክባል።

እንዴት እንደምናደርገው የሚጠይቁኝ ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት ምርጫውን ነው። ልቦለድ ይሻላል ወይስ የማነቃቂያ መጽሐፍ? እኛም ዘንድ ይህ ክርክር ነበር። ልቦለድ ወዳጆቹ «ምክርማ እናቴም ትመክረኛለች» ይሉ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ «በሰው ፍቅር ምን አገባኝ፣ ሕይወቴን የሚለውጥ ነገር አምጡልኝ» ይላሉ። ዕጣው ለማንም አያዳላም። አንዱ ወር የነዚህ፣ ሌላው ወር የነዚያ ይሆናል። እኔ አሁን የማምነው ሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት ተከታትለው ሲነበቡ የአንባቢው ልብ እንደሚከፈት ነው። ይህንን ያስተማረኝ ደብተሩ ነው።

መርካቶ ጨርቅ የምትሸጥ አባላችን ዕጣው ሲደርሳት የሮበርት ኪዮሳኪን «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» መረጠች። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ እዚህም አገር ብዙ የተነበበ መጽሐፍ ነው። ሁለት አባቶች አሉበት። አንዱ የተማረ ደመወዝተኛ ነው። ሌላው ትምህርቱን ያልጨረሰ ነጋዴ። ኪስህ ውስጥ ብር የሚያስገባ ነገርና ከኪስህ ብር የሚያወጣ ነገር ለይተህ እወቅ ይላል። የምትኖርበትን ቤት እንኳ ከሀብት አይቆጥረውም። እሷ ደብተሩን ሞላችው። ሱቋ ውስጥ ተከምሮ የከረመው ጨርቅ የታሰረ ብር መሆኑ ታይቷታል። ገቢና ወጪዋን ለይታ መመዝገብ ጀመረች። ራይድ የሚነዳው ልጅ ደግሞ መኪናው ታስገባለት ወይም ታስወጣበት እንደሆነ ለማወቅ ነዳጁን፣ ጎማውንና ሰርቪሱን እዚያው ደብተሩ ላይ ደምሮ አስቀመጠው።

ከዚያ ደብተሩ ጋሼ ጋ ደረሰ። ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የጻፉት አንድ መስመር ነው። «እኔ ድሃው አባት ነኝ።» ሌላ የለም።

ስንሰበሰብ ያንን መስመር ማንም አላነሳም። እሳቸውም ዝም አሉ። ቡናው ተጠጣ፣ ስለ ንግድ ተወራ፣ ተበተንን።

በሚቀጥለው ወር ዕጣው የደረሰው ባንክ የሚሠራው ጎረቤቴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መረጠ። የሐዲስ ዓለማየሁ፣ የ1958ቱ። ሁሉም ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ይመስለዋል፤ ዳር እስከ ዳር ያነበበው ግን ከመካከላችን ጥቂት ነበር። ሹፌሩ ውፍረቱን አይቶ ደነገጠ። መፍትሔውንም ራሱ አገኘ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ቅጂ ስልኩ ላይ ጫነና ተሳፋሪ እስኪመጣ ሲሰማ ከረመ። መስማት እንደ ማንበብ ይቆጠር አይቆጠር ተከራከርን። እኔ ይቆጠራል ባይ ነኝ። ስለ ጉዱ ካሳ ሲያወራ ለሰማው ሰው ጥያቄው ራሱ አይነሳም። ዱባይ ቤት ውስጥ የምትሠራ የአንዷ አባላችን እህትም ትረካውን እየሰማች አስተያየቷን በድምፅ ትልክልን ጀመር። እኛ ደብተሩ ላይ እንገለብጥላታለን።

አስተያየቱ እንደየሰው ተለያየ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የጻፈችው ቁጣ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ለክብሩ ሲል የልጁን ዕድሜ የሚያባክን አባት እሷም ቤት እንዳለ ያስታውቅ ነበር። ነርሷ የያዘችው ሌላ ጫፍ ነው። በዛብህ በልጅነቱ በስለት የተሰጠ ልጅ መሆኑን። የታመመ ልጅ ያቀፉ እናቶች አልጋ ሥር ተንበርክከው ሲሳሉ በየቀኑ ታያለች። የስለቱን ዕዳ የሚከፍለው ግን ልጁ መሆኑን ከዚህ በፊት አስባው እንደማታውቅ ጻፈች።

ጋሼ ግን ገጽ በገጽ ላይ ጻፉ። በዛብህ ፊታውራሪ ቤት የገባው ሰብለወንጌልን ሊያስተምር ነው። መምህር ነው። ፊደሉን ከእሱ የወሰደው ቤት እሱን ለልጁ አይመጥንም አለ። ጋሼ ከዚህ ተነሥተው ስለ ደመወዛቸው፣ መንገድ ላይ አይተው ስለሚያልፏቸው ተማሪዎች፣ ከመኪና ወርደው ጉልበታቸውን ስለሚስሙት ተማሪዎች ጻፉ። በመጨረሻም ወደ ባለፈው ወር መጽሐፍ ተመለሱ። የሀብታሙን አባት ሒሳብ የሚሠራለትን ሰው መደመር ያስተማረው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

በዚያ ወር ስብሰባ የመርካቶዋ አባላችን ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ጋሼ፣ ያንን መጽሐፍ የመረጥኩት እርስዎን ላስከፋ ብዬ አይደለም» አለቻቸው። «ልጄ፣ ውሸት ቢሆንማ ምን ያመኛል?» አሏት። ከዚያ ሁለቱ ስለ ገንዘብ እስኪመሽ አወሩ። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ስለ ጡረታ አበላቸው፣ እሷ ስለ ብድሯ፣ ሳይደባበቁ።

ከዚያ በኋላ ደንብ አበጀን። የማነቃቂያ መጽሐፍ በተነበበ ማግስት የሚመረጠው ልቦለድ ይሁን፣ በልቦለዱ ማግስትም የማነቃቂያ ይሁን። ደግሞም ዝም ብሎ ሌላ መጽሐፍ ሳይሆን የቀደመውን የሚሞግት ይሁን። የምክር መጽሐፍ ብቻውን ሲነበብ ሰው ወይ ይስማማል ወይ ይተወዋል። ልቦለድ ብቻውን ሲነበብ ደግሞ ስለ ገጸ ባሕርያቱ አውርተን ራሳችንን ሳንነካ እንበተናለን። አንዱ ያነሣውን ጥያቄ ሌላው ሲቀበለው ግን መደበቂያ ይጠፋል።

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጥያቄ እጽፋለሁ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አሪፍ ነው» ይሏችኋል፣ አለቀ። እኔ የምጠይቀው የት ላይ አቆማችሁ፣ የትኛውን ገጽ ደግማችሁ አነበባችሁ፣ ለማን ልትሰጡት አሰባችሁ የሚል ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያስወራል። ሰው ስለ ራሱ መጻፍ ቢያፍር እንኳ ለወንድሙ ወይም ለቀድሞ ፍቅረኛው ለምን እንደሚሰጠው ይጽፋል።

ደንቡን ያፈረስነው አንዴ ነው፣ እሱም በነርሷ ጥያቄ። ተማሪዋ የሮንዳ ባይርንን «ዘ ሲክሬት» መርጣ ነበር። ሰው አጥብቆ ያሰበውን ወደ ራሱ ይስባል የሚለውን። ልጅቷ ወደደችው። የምትመኘውን ሁሉ በሥዕል ግድግዳዋ ላይ ለጠፈች። ነርሷ የምትሠራው ካንሰር ክፍል ነው። ደብተሩ ላይ «ታዲያ የእኔ ታካሚዎች ምን አስበው ነው?» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ከሥሩ መለሰችላት። «እኔ የወደድኩት ጠዋት ከአልጋዬ ስላስነሣኝ ነው።» ሁለቱም ከልባቸው ነው። እኔ በሐሳቡ ከነርሷ ጋር ነኝ። ልጅቷን ከአልጋ ያስነሣትን መጽሐፍ ግን ልንቅባት አልችልም።

ነርሷ ልቦለዱ ይቆይና ቪክቶር ፍራንክል ይነበብ ብላ ለመነችን። ፍራንክል ከናዚ ካምፖች፣ ከአውሽቪትዝም ጭምር፣ በሕይወት የወጣ የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነው። መጽሐፉን ያሳተመው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። በ1944 ገናና በ1945 አዲስ ዓመት መካከል ካምፑ ውስጥ የሞተው ሰው ከወትሮው እንደበዛ ጽፏል። እንደ ካምፑ ሐኪም አስተያየት ምክንያቱ ብዙዎች ለገና ቤታችን እንገባለን ብለው ተስፋ ማድረጋቸው ነበር። ያ ገጽ ላይ ሁለቱም ቆመዋል፣ ነርሷም ተማሪዋም። ነርሷ ለፋሲካ ቤቴ እገባለሁ የሚሉ ታካሚዎቿን አስታወሰች። ከበዓሉ በኋላ ፊታቸው እንዴት እንደሚለወጥም ጻፈች። ተማሪዋ «ግድግዳዬ ላይ ያለው ሁሉ ቀን የተቆረጠለት ነው» አለች። ሥዕሎቹን አላነሳችም፣ ቀኖቹን ብቻ ሰረዘች።

«ኦሮማይ»ን ያነበብነው ከዚህ በኋላ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ያሳተመው፣ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ወጣቶቹ ስለ ፊያሜታና ስለ ጸጋዬ ፍቅር ብዙ ጻፉ። ትልልቆቹ ግን ገጹን ባዶ አሳለፉት። መጽሐፉ የሚተርከው፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ለነሱ ታሪክ አይደለም፤ ወንድምና ባል የሄደበት ነው። እንዲጽፉ አልወተወትኩም። ሹፌሩ ቅጂውን ለአባቱ ሰጠ። አባቱ በሰሜን የዘመቱ፣ ስለዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ተናግረው የማያውቁ ሰው ናቸው። አንብበው ጨረሱት፣ ግን አልመለሱትም። ልጁ ሊጠይቃቸው አልፈለገም፤ እኛም ከአዟሪ ሌላ ቅጂ ገዛን።

መጀመር ለምትፈልጉ ትንሽ ነገር ልጨምር። ስምንት ሰው ይበቃል፤ ከበዛ ተራው ይርቅና ሰው ይረሳዋል። የመጽሐፍ ዋጋ እየጨመረ ስለሆነ መዋጮውን በየጊዜው ከልሱት። በመጀመሪያው ወር ወፍራም መጽሐፍ አታስነብቡ። ያልጨረሰ ሰውም ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ እስከ የት እንደደረሰና ለምን እንዳቆመ። እኛ ዘንድ ያልጨረሱት የጻፉት ብዙ ጊዜ ከጨረሱት ይረዝማል።