«ደህና ነህ» ብዬ የሸኘሁት ጉልበት

ድሬዳዋ ውስጥ በፊዚዮቴራፒ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ከሳቢያን አንድ የባጃጅ ሹፌር መጣ፣ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ። ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቱ ዞረበት። ያኔ ብዙም አላበጠም፣ ጨዋታውንም ጨርሷል። ጠዋት ሲነሳ ግን ጉልበቱ ተነፍቷል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ፣ አልተሻለውም።

አስተኛሁትና ማክመሪ የሚባለውን ምርመራ ሠራሁ። ጉልበቱን አጥፈህ፣ እግሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያዞርክ ቀስ ብለህ ትዘረጋዋለህ። ሜኒስከስ፣ ማለትም በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈው ልም አጥንት፣ ተቀድዶ ከሆነ እጅህ ሥር ቀጭ ይላል ወይም ታካሚውን ያመዋል። ምንም ቀጭ ያለ ነገር የለም። ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበትን መስመር ከውስጥ በኩል በጣቴ ስጫነው ግን ፊቱን ቋጠረ። ሊወጣ ሲልም «ዶክተር፣ በርጫ ላይ ቆይቼ ስነሳ የሆነ ነገር ይይዘኛል» አለኝ። «ብዙ ስለምትቀመጥ ነው» አልኩት። ካርዱ ላይ «ሜኒስከስ ደህና» ብዬ ጻፍኩ፣ የሚሠራቸውን እንቅስቃሴዎች አሳየሁትና ሸኘሁት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀርቷል፣ አይዘረጋም። «አቦ ዶክተር፣ ልነሳ ስል እዚያው ቀረ» አለኝ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ። የዚያን ቀን ያየሁት ፊቱ እስካሁን አይረሳኝም።

ወደ አጥንት ሐኪም ላክነው። ኤምአርአይ ሲነሳ የተቀደደው ሜኒስከስ ተገልብጦ መገጣጠሚያው መሃል ገብቶ ተገኘ። በካሜራ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ ባልደረባችን ካርዱን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ማክመሪውን ስትሠራ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይታጠፍ ነበር?» አይታጠፍም ነበር፣ አብጦ ነበራ! «ታዲያ ምኑን መረመርከው?» አሉኝ።

ምርመራው በደንብ ቢሠራ እንኳ ብቻውን አይበቃም። የጥናቶቹ ቁጥር ይለያያል እንጂ ማክመሪ ከ10 ቅዳድ 3 ወይም 4ቱን ሳያገኝ ያልፋቸዋል። ቀጭ ካለ ጥርጣሬህ ይጠነክራል፣ ዝም ካለ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። ልጁ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ነግሮኛል። እግር ተተክሎ ሰውነት መዞሩ፣ እብጠቱ በማግስቱ መምጣቱ (ወዲያው፣ በሰዓት ውስጥ ተነፍቶ ቢሆን ጉልበት ውስጥ ያለው የመስቀለኛ ጅማት መበጠስን ነበር ቀድሜ የምጠረጥረው)፣ የመስመሩ ሕመም፣ ሲነሳ መያዙ። አራቱን ትቼ በአንድ እጄ አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ጉልበቱን ያመመውን ሁሉ ኤምአርአይ ተነሳ ማለት ጀመርኩ። ይሄም ልክ አልነበረም፣ ሰው ብዙ ብር ያወጣበታል። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍራሚንግሃም ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታይቶ ነበር። ሜኒስከሳቸው ተቀድዶ ከተገኘው መካከል 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ጉልበታቸውን አላመማቸውም። ደረጃ ስትወጣ ብቻ የሚያማትን የ60 ዓመት እናት «ተቀድዷል» ብሎ ማስደንገጥ ምን ይጠቅማታል?

አሁን ያበጠ ጉልበት ሲመጣ የዚያን ቀን ውሳኔ አልሰጥም፣ ካልተቆለፈ፣ ማለትም እንደ ልጁ ታጥፎ አልዘረጋ ካላለ በስተቀር። እብጠቱ ሲቀንስ ተመለስ እላለሁ፣ መጀመሪያ ጤነኛውን ጉልበት እመረምራለሁ፣ ከዚያ የታመመውን። በርጫ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲነሳ ምን እንደሚሰማው ሳልጠይቅ አላስተኛም።

ልጁ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለእንቅስቃሴ እኔው ጋ ተመለሰ። መጀመሪያ ቀን እንደተሳሳትኩ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ያኔ ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ እግሩን አልጋው ላይ ዘረጋልኝ።