ለአደራ ልጆች ከከተማ በጀት መስመር ማስያዝ፦ ከጅማ የተማርነው

በማሳደጊያ ወይም በአደራ ቤተሰብ ስለሚያድጉ ልጆች ስናወራ ወሬው ቶሎ ወደ ዕርዳታ ይሄዳል። ልብስ፣ ደብተር፣ የበዓል በግ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ አይደለም። ለእነዚህ ልጆች የከተማ ምክር ቤት ከራሱ በጀት አገልግሎት እንዲመድብ እንዴት እንደጠየቅን ነው። ነገሩ የሆነው ጅማ ነው። የበጀት አሠራሩ ግን በሌላውም ከተማ ብዙ ስለማይለይ፣ የጎንደርም ሆነ የሐዋሳ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በእድራችን በኩል ነው። መንደራ አካባቢ ካሉት አባሎቻችን መካከል ልጆችን በአደራ ተቀብለው የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ከእነሱ አንዷ የወሰደችው ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ በጤና መድን ደብተሯ ላይ ስሙ የለም ተባለች። የወለደቻቸው ልጆች ተመዝግበዋል፣ እሱ ግን የለም። ከኪሷ ከፈለች። በዚያ ወር የእድር መዋጮ ስላጠራት ጉዳዩ ስብሰባ ላይ ተነሳ። መዋጮዋን መሸፈን ለእኛ ቀላል ነበር፣ ሸፈንንም። ግን ይህ ልጅ የመንደራ ሴቶች ብቻ ኃላፊነት አይደለም። ሕጉም እንዲህ አይልም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 አሳዳጊ ላጡ ልጆች መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይናገራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ልጅ ወደ ተቋም የሚገባው ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ እንዲሆን ይፈልጋል። መጀመሪያ ከዘመድ ጋር፣ ካልሆነ በቤተሰብ ውስጥ ማደግ አለበት። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠት በአዋጅ ቀረ። ስለዚህ እነዚህ ልጆች እዚሁ ያድጋሉ፣ እዚሁ ይማራሉ፣ የዚሁ ከተማ ነዋሪ ይሆናሉ።

ጉዲፈቻ ለጅማ ሰው አዲስ አይደለም። በኦሮሞ ባህል ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የኖረ ነው፤ ልጁ የቤቱ ልጅ ይሆናል። አደራ ግን ይለያል። ልጁ የሚቀመጠው ለጊዜው ነው። ወላጅ ወይም ዘመድ ሊገኝለት ይችላል። ወረቀት ላይ የዚያ ቤት ልጅ አይደለም፣ የማንም ቤት ልጅም አይደለም። ብዙው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። የጤና መድኑ የሚመዘግበው ቤተሰብን ነው፤ አባወራ ወይም እማወራ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች። ከዚያ ውጪ ላለ ሰው ተጨማሪ ክፍያ አለ። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከዚሁ ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። አካባቢያችን አሠራሩን በደንብ ያውቀዋል። የአደራ ልጅ ጉዳይ ግን በጥያቄ መልክ ቀርቦ አልተወሰነበትም ነበር።

አሁን ወደ በጀቱ። ለማንም መጀመሪያ የምነግረው ይህን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ምክር ቤቱም በጀት የሚያጸድቀው በዚያው ሰሞን ነው። ሰው ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ዜናውን ስለሚሰማ። ያኔ ግን ቁጥሩ ተደልድሏል። ሥራው ያለው ቀደም ብሎ ነው፦ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ሲጽፉ፣ የበጀት ጣሪያ ሲሰጣቸው፣ ከዚያም የበጀት ስሚ በሚባለው፣ ጥያቄያቸው በሚመረመርበት ስብሰባ ላይ ተቀምጠው ጥያቄያቸውን ሲከላከሉ። ስለዚህ እኛ የጀመርነው ጥር ላይ ነው። የሕፃናት ጉዳይ የሚመለከተው ባለሙያ ዕቅዱን ሲጽፍ ከጎኑ ተቀመጥን ማለት ይቻላል። ባለሙያው ደስ አለው። እሱም ለዓመታት ሊያስገባው የፈለገው ነገር ነበር፣ የሚደግፈው ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ገንዘቡ ከየትኛው ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ከክልል የሚመጣው ድጎማ ብዙው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። እዚያ ውስጥ አዲስ ሥራ ማስገባት በጣም ይከብዳል። ከተማ ግን ማዘጋጃ ቤታዊ ገቢም አለው፦ ኪራይ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ የመሳሰለው። እዚህ ላይ ምክር ቤቱ የተሻለ የመወሰን ነፃነት አለው። ጥያቄያችንን ወደዚያ አዞርነው። ይህን የማውቀው በሙያዬ ነው። የሒሳብ ሰዎች ሆይ፣ በሰፈራችሁ ያለው ኮሚቴ እንደሚፈልጋችሁ አታውቁም። እባካችሁ ሂዱ።

ሰነዱን አጭር አደረግነው። የከተማው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያው ቋንቋ ተጻፈ፤ የሰፈራችን መምህር ነው ያዘጋጀልን። ለአንድ ልጅ በዓመት የጤና መድን መዋጮ፣ የደንብ ልብስና የትምህርት ቁሳቁስ፣ ለአሳዳጊዋ ወርሃዊ ድጎማ ምን ያህል እንደሚሆን ከጅማ ገበያ ዋጋ ተነስተን አሰላን። የጅማን መርካቶ ዞረን ጠይቀናል። ግምት አላስገባንም፤ አንድ ቁጥር ከተጠራጠሩ ሌላውንም ይጠራጠራሉና።

የልጆቹ ስም ሰነዱ ውስጥ የለም። ፎቶም የለም። በዚህ ላይ ከእናቶቹ ጋር በፊት ተስማምተን ነበር፣ አሁንም አጥብቄ የምይዘው ነገር ነው። ልጅ ጉባኤ ፊት ቆሞ ወላጅ እንደሌለው መናገር የለበትም። ካሜራ ፊት ቦርሳ እየተሰጠው መነሳትም የለበትም። ነገ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጠው እሱ ነው። ልጆቹን ማየት እንፈልጋለን ያሉ ነበሩ፣ በቅንነት። በአክብሮት እምቢ አልን። በምትኩ ማሳደጊያ ውስጥ አድገው ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ወጣቶች፣ ፈቅደውና ተዘጋጅተው፣ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ዘንድ ቀረቡ።

ወደ ሙሉ ጉባኤው ሳይሆን ወደ ቋሚ ኮሚቴው መሄዳችን ጠቅሞናል። ጉባኤ ላይ ጊዜ የለም። ኮሚቴው ዘንድ ግን ሻይ እየተጠጣ ይወራል፣ ጥያቄ ይጠየቃል። ከወጣቶቹ አንዷ 18 ዓመት ሲሞላት የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሄዳ የቤት ቁጥርና የቤተሰብ ቅጽ እንደተጠየቀች ተናገረች። ቤተሰብ የላትም። ያደገችበት ቤት ቁጥር አለው፣ ግን በዚያ ቁጥር ላይ እሷ አልተመዘገበችም። መታወቂያ ከሌለ ሲም ካርድ የለም፣ የባንክ ደብተር የለም፣ ተደራጅቶ መሥራትም የለም። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት እንዲህ አይነካቸውም ነበር።

እኔ ደግሞ ከእንግሊዝ ያነበብኩትን ጨመርኩ። እዚያ በሕዝብ እጅ ለሚያድግ ልጅ የአካባቢው ምክር ቤት እንደ ወላጅ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1998 የጤና ሚኒስትሩ ፍራንክ ዶብሰን ለየምክር ቤቱ አባላት ጽፈው ይህንኑ ኃላፊነት አስታውሰዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሕግም ምክር ቤቶች የልጆቹን ሐሳብ እንዲሰሙና ከእንክብካቤ የወጡ ወጣቶችን እስከ 25 ዓመታቸው እንዲደግፉ ሆኗል። እኛ ያንን ያህል አቅም የለንም። የወላጅነቱን ጥያቄ ግን ለመጠየቅ ብር አያስፈልግም። ስለዚህ ጠየቅኳቸው፦ ይህ ለራሳችሁ ልጅ ይበቃል ወይ? ከአባላቱ በዕድሜ የገፉ አንድ ኦቦ፣ ለእኔ ልጅ አይበቃም አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ ሆነ። ይሰጥ ወይስ አይሰጥ መባሉ ቀርቶ ከየት ይምጣ ተባለ።

የጠየቅነው ሁሉ አልተፈቀደም። የጤና መድኑና የትምህርት ቁሳቁሱ አለፉ። በማሳደጊያ ያደጉ ልጆች በማሳደጊያው የቤት ቁጥር እንዲመዘገቡም ተወሰነ። ወርሃዊ ድጎማው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። በጣም አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም እናቶቹን በየቀኑ የሚያስጨንቃቸው እሱ ነው፤ ጤፍና ዘይት።

ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉም ረጅሙ ነው። በጀቱ ተይዟል፣ ገንዘቡ ግን አይወጣም። ክፍያ የሚፈጽመው ክፍል ማስረጃ ይፈልጋል፦ ልጁ በእርግጥ እዚያ ቤት እንዳለ ማን ያረጋግጣል? በየትኛው መመሪያ? ኃላፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ኦዲት አለበት። መፍትሔው አንድ ገጽ ቅጽ ነበር። ባለሙያው፣ ቀበሌውና አሳዳጊዋ በየሩብ ዓመቱ የሚፈርሙበት። ይህን ቅጽ ከበጀት ጥያቄው ጋር አብራችሁ አዘጋጁ። የጤና መድን መዋጮው በአሳዳጊዋ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ገቢ ስለሚሆን ቀለለ። የትምህርት ቁሳቁሱ ግን ግዢ ስለሆነ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ነበረበት፣ ቆየ። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ሰኔ 30 ተመላሽ ስለሚሆን ግንቦት ከመግባቱ በፊት ሁሉንም መጨረስ ያስፈልጋል። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ ጉዳይ ለብቻው አንድ ረድፍ እንዲኖረው አድርገውልናል። ያቺ ረድፍ ባትኖር ኖሮ ማንም አያስታውሰንም ነበር።

ማሳደጊያ ለምታስተዳድሩ ወይም ልጅ በአደራ ለምትወስዱ አንድ ነገር ልጨምር። የልደት ምዝገባውን ልጁ በመጣ ጊዜ ጨርሱት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ጊዜው ያለፈበትም፣ ተጥሎ የተገኘም ልጅ የሚመዘገብበት መንገድ አለ። የፖሊስና የፍርድ ቤት ወረቀቶች በትኩሱ በቀላሉ ይገኛሉ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ልጁን ያገኘው ሰው ሞቷል ወይም ከተማ ቀይሯል፣ መዝገቡም ጠፍቷል።

በመጪው ጥር ሁለት ጥያቄ ይዘን እንገባለን። አንዱ ያደረው የአሳዳጊዎች ወርሃዊ ድጎማ ነው። ሌላው አዲስ ነው፦ ከማሳደጊያ ለሚወጡ ወጣቶች የመጀመሪያ ዓመት የቤት ኪራይ። ይህንኛውን የሚያዘጋጁት ኮሚቴው ዘንድ የቀረቡት ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። ጊንጆና ኮቺ ሰፈር እየዞሩ የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ እየጠየቁ ነው፤ ስሌቱን ከእነሱ ጋር እሠራለሁ።