ማሲንቆና ድምፅን ቤት ውስጥ ለመቅዳት፦ ስለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ አስተካከል

እዚህ ጎንደር ቤታቸው ውስጥ መቅዳት የሚጀምሩ ወዳጆቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ የትኛውን ማይክ እንግዛ ብለው ነው። እኔ ግን ከማይኩ ዋጋ ይልቅ የኦዲዮ ኢንተርፌሱ አስተካከል ይወስናል ባይ ነኝ፤ ከማይኩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ አጎልብቶ ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዩኤስቢ ለኮምፒውተሩ የሚያቀብለው እርሱ ነውና።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የአምራቹን ድራይቨር ጫኑና በመቅጃው ፕሮግራም ውስጥ አሲዮ (ASIO፣ ድምፅን ያለ ብዙ መዘግየት የሚያሳልፍ የድራይቨር ዓይነት) የሚለውን ምረጡ፤ ማክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል። ጥራቱን 24 ቢት አድርጉት። ኮንደንሰር ማይክ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የ48 ቮልቱን ፋንተም (ኢንተርፌሱ በኬብሉ በኩል ለማይኩ የሚልከውን ኃይል) ማብራት ግድ ነው፤ ዳይናሚክ ማይክ ግን አያስፈልገውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ጌይኑ፣ ማለትም የማይኩ ድምፅ የሚጎለብትበት መጠን ነው። አዝማሪ ለሙከራ ሲጫወት ረጋ ብሎ ነው፤ ሞቅ ሲለው ግን ደጋኑን አጥብቆ ይስባል፣ ድምፁንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ጌይኑን የምታስተካክሉት ዘፈኑ እጅግ የሚግልበትን ክፍል እንዲጫወት ጠይቃችሁ፣ ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከዜሮ (ከጣሪያው) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ አይታችሁ መሆን አለበት። ቀይ መብራቱ በርቶ የተቆረጠ ድምፅ በኋላ በደንብ አይጠገንም፤ በ24 ቢት ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን ያለ ጉዳት ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ጣጣ መዘግየት ነው። በ44,100 ኸርዝ ሲቀዳ የበፈሩ (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስኬዱ በፊት በአንዴ የሚያጠራቅመው) መጠን 128 ናሙና ከሆነ በፈሩ ብቻውን 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 1,024 ሲሆን ደግሞ ወደ 23 ይደርሳል፤ ድምፁ ወደ ማዳመጫው የሚመለስበት መንገድ ሲታከልበት ከዚህም ይበልጣል። አዝማሪው እየተጫወተ የሚያንጎራጉር ስለሆነ የራሱ ድምፅ በማዳመጫው ዘግይቶ ሲመጣበት ምቱ ይጎተታል። በፈሩን ማሳነስ ያረጀ ላፕቶፕን ስለሚያጨናንቅ ድምፁ ይንቋቋል፤ በእኔ አስተያየት የሚሻለው ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን ዳይሬክት ሞኒተር (የማይኩን ድምፅ በኮምፒውተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ለማዳመጫው የሚያሰማውን) ከፍቶ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ደግሞ የዚያኑ ትራክ መልሶ ማሰማት ማጥፋት ነው። ይህ ካልጠፋ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰማል።

በማዳመጫው ውስጥ እምም የሚል ድምፅ ካለ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሬት መስመሩ ነው። ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ኢንተርፌስ ደግሞ በዚህ አሠራር መብራት ቢጠፋም ቀረጻው አይቋረጥም። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን የሚረዳ ቁልፍ የለም፤ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።